ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ ከፍሬው ውስጥ ምን ይጎድላል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቁይ በመጡ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ድርቅና የምርት ጥራት» በሚል ርዕስ አጭር ንግግር እንዳቀርብ ነው የጠየቁኝ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ዕድሜ በላይ ክረምት ያረሱ አባቶች ተቀምጠዋል፤ ስለ ዝናብ መምጣትና መሄድ እኔ ለእነሱ የምነግራቸው ብዙ የለም። ስለዚህ ከሰፊው ርዕስ ቆንጥሬ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ እሱም የእርጥበት እጥረት ከፍሬው ውስጥ ምን እንደሚወስድ ነው። ኩንታል ሲያንስ ሁላችንም እናያለን። ከሞላው ኩንታል ውስጥ የጎደለውን ግን የሚያየው ገዢው ነው፤ እኛ የምናውቀው ዋጋ ሲቀነስብን ነው።

ድርቅ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን የ1977ቱ ረሃብ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ በ2007 ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ተዛብቶ በ2008 ዓ.ም ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የዕለት ደራሽ እርዳታ የፈለገበትን፣ በክልላችንም ዋግ ኽምራንና ሰሜን ወሎን ክፉኛ የጎዳውን ዓመት እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ዓመት ስለ ፍሬ ጥራት ማውራት ቀልድ ይሆናል፤ ማሳው ባዶ ነውና። ምሥራቅ ጎጃም ግን የጮቄ አገር ነው፣ በዝናብ የታደለ ነው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። የእኛ ድርቅ ሌላ መልክ አለው። ሐምሌና ነሐሴን ሲያጥለቀልቅ ይከርምና በመስከረም ድንገት ይቋረጣል። ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ምንም የጎደለ ነገር የለም። እኛ በትምህርት ቤት ለዚህ ረጅም ስም ተሰጥቶት ነበር የተማርነው፤ ገበሬው ግን «ክረምቱ ቶሎ ወጣ» ብሎ ይጨርሰዋል።

ክረምቱ ቶሎ በወጣበት ዓመት የሚጎዳው በመጀመሪያ ስታርች ነው። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ስታርችን በእጁ የማያውቅ ሰው እዚህ የለም። ገንፎ ሲገነፋ የሚወፍረው፣ አጥሚት ሲፈላ የሚያያዘው እሱ ነው። ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር በረጅሙ እየቀጣጠለ ለዘሩ ያስቀመጠው ስንቅ ማለት ነው። ከ100 ኪሎ እህል ውስጥ እንደ እህሉ ዓይነት ከ60 እስከ 75 ኪሎ የሚሆነው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ ገለባውና ማዕድኑ ተደምረው የተረፈውን ይካፈላሉ። እንግዲህ እህል ሸጥን ስንል በአብዛኛው የሸጥነው ስታርች ነው።

እናቶቼ አብሲት ስትጥሉ፣ ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሳችሁ በውሃ አቅጥናችሁ በእሳት አወፍራችሁ መልሳችሁ ስትቀላቅሉ፣ የምትሠሩት ሥራ የስታርች ሳይንስ ነው። ስታርች ከውሃ ጋር ሲሞቅ ውሃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይያያዛል። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም፤ ሊጡን አያይዞ፣ አየሩን አቅፎ የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣልን በአብዛኛው ይኸው የበሰለ ስታርች ነው። አንድም ቀን ኮሌጅ ያልገቡ እናቶቻችን ይህን ከኛ ቀድመው ማወቃቸውን ልብ በሉልኝ።

ስታርቹ ራሱ ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለው። ቀጥ ያለው አሚሎስ፣ ቅርንጫፍ የበዛበት ደግሞ አሚሎፔክቲን ይባላል። በተለመዱት እህሎቻችን ሩብ ያህሉ አሚሎስ፣ የቀረው አሚሎፔክቲን ነው። የሁለቱ ድርሻ ሲለዋወጥ ሊጡ የሚወፍርበት ልክ፣ እንጀራውና ዳቦው የሚደርቅበት ፍጥነት ይለዋወጣል። እንጀራ ሲያድር የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም፤ የበሰለው ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ ስለሚጠነክርም ነው። የማሽላ እንጀራ በማግሥቱ ሲሰባበር የጤፉ ሁለት ሦስት ቀን ለስላሳ ሆኖ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት የጤፍ ስታርች ለመጠንከር የማይቸኩል መሆኑ ነው።

ፍሬው እንዴት ይሞላል?

አንድ የስንዴ ፍሬ ከአበባ እስከ ብስለት በእኛ ደጋ ከወር በላይ ይወስድበታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ፍሬው እየሞላ ይመስላል እንጂ ገና ጎተራ እየሠራ ነው፤ ስታርቹ የሚቀመጥባቸው ህዋሳት የሚበዙት በዚያን ጊዜ ነው። ጎተራው ከተሠራ በኋላ ደግሞ መሙላት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ወተት ይሆናል፣ ቀጥሎ እሸት፣ በመጨረሻ ደረቅ ፍሬ። ዝናቡ በአበባው ሰሞን ቢቋረጥ ጎተራው ያንሳል፤ በኋላ ውሃ ቢመጣም የሚሞላው ያንኑ ትንሽ ጎተራ ነው። በእሸቱ ሰሞን ቢቋረጥ ደግሞ ጎተራው ትልቅ ሆኖ ግማሹ ባዶ ይቀራል። በአውድማ ላይ የምናየው የተጨማደደ፣ ሆዱ የጎደጎደ ፍሬ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ግን ትንሽና ድብልብል ሆኖ ይወጣል፤ ደህና ፍሬ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ሲመዘን ነው።

ወደ ፍሬው የሚሄደው ስኳር ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ አረንጓዴው ቅጠልና ዛላው በየቀኑ የሚሠሩት ነው፤ ሁለተኛው ቀደም ሲል በአገዳው ውስጥ የተጠራቀመው ነው። አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ውሃ እንዳይወጣበት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። በዚያው በር ይገባ የነበረው አየርም አብሮ ይዘጋል፤ ስኳር መሥራቱ ይቀንሳል። ያኔ ተክሉ ካገዳው ስንቅ ማውጣት ይጀምራል። ደህና የከረመ ተክል በዚህ ስንቅ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ከሥር የተጎዳ፣ በአረም የተሻማ፣ በዋግ የተመታ ግን የሚያወጣው የለውም። በዚህ ላይ የመስከረምና የጥቅምት ፀሐይ ይጨመርበታል። ስኳሩ ፍሬው ድረስ ቢደርስ እንኳን ወደ ስታርች የሚለውጡት ኢንዛይሞች በድርቅ ይዳከማሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሙቀት ጨርሶ አይወዱም። ስለዚህ ፍሬው ቀኑ ሳይሞላ ይደርቃል። «ዘንድሮ ቶሎ ደረሰልን» ስንል እሰማለሁ፤ አልደረሰም፣ ቆመ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ እኔም ስማር ያነሳሁት ነው። በድርቅ የተጎዳ ስንዴ ሲመረመር ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ይገኛል። ታዲያ ፕሮቲን ከጨመረ ምን ቸገረን? ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮቲኑ አብዛኛው መሥሪያ ናይትሮጅን ተክሉ ከማበቡ በፊት ከመሬት የወሰደውና በኋላ ከቅጠልና ካገዳ ወደ ፍሬው የሚያዛውረው ነው። ስታርቹ ግን በየቀኑ ከሚሠራው ስኳር ይመጣል። ድርቁ የሚያቋርጠው ይበልጡን የዕለቱን ሥራ ነው። ለምሳሌ 40 ሚሊ ግራም ሊመዝን የሚገባው ፍሬ 30 ላይ ቢቆም፣ ከጎደለው 10 ሚሊ ግራም ውስጥ አብዛኛው ስታርች ነው። ፕሮቲኑ ብዙም ሳይነካ ፍሬው ስላነሰ ብቻ ድርሻው ከፍ ብሎ ይታያል። ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁለት በሬ ከነበረው አንዱን ሸጦ «አሁን ከከብቶቻችን መካከል ላሞቹ በዙ» እንደማለት ነው። ላም አልተገዛም።

የስንዴና የገብስ ስታርች ደግሞ ሁለት መጠን አለው። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ፍሬው ገና ሲጀምር ይፈጠራሉ፤ ትንንሾቹ ዘግይተው መጥተው በትልልቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላሉ። መጨረሻ ላይ የሚመጣ ድርቅ በተለይ እነዚህን ዘግይተው የሚመጡትን ያስቀራል። ብዙ ጊዜ የአሚሎሱም ድርሻ ዝቅ ይላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ እንደ ዝርያውና እንደ ድርቁ ጊዜ ይለያያል። እነዚህ ለውጦች ተደምረው ዱቄቱ ውሃ የሚጠጣበትን፣ ሊጡ የሚወፍርበትን መጠን ይቀይሩታል። የዱቄት ፋብሪካው የሚፈልገው ደግሞ ከማንም ይበልጥ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የገባው ስንዴ ትናንት እንደገባው እንዲሆንለት።

ዱቄት ፋብሪካ፣ ብቅል፣ ምጣድ

በስንዴ ልጀምር። የተጨማደደ ፍሬ ልጣጩ ያው ነው፤ የቀነሰው ውስጡ ነው። ስለዚህ ሲፈጭ ዱቄቱ ያንስና ፉርሽካው ይበዛል። ፋብሪካው የሚከፍለን ለዱቄቱ ነው። ለዚህም ነው ገዢዎች የሄክቶሊትር ክብደት የሚለኩት። ሄክቶሊትር 100 ሊትር ማለት ነው። ጥሩ የዳቦ ስንዴ 100 ሊትሩ ብዙ ጊዜ ከ76 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወደ እኛ ቤት ሲመጣ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በስንዴ ሞልተን በዱላ ጠርገን ስንመዝነው ከ760 ግራም በላይ ሊሆን ይገባል ማለት ነው። 700 ሳይደርስ ከቀረ ፍሬው አልሞላም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አንድ የማይለወጥ ጣሳና ትክክለኛ ሚዛን ይበቃል። ጣሳውን መነቅነቅና መጠቅጠቅ ግን ክልክል ነው፤ ይህን የምለው ሚዛን ፊት ሁላችንም እጃችን እንደማያርፍ ስለማውቅ ነው።

የቢራ ገብስ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከርራል። ብቅል ማለት የገብሱ ስታርች ወደ ስኳር እንዲለወጥ በር መክፈት ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ የኮሰሰ ገብስ ብቅሉ ኃይል የለውም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ የሚለወጥ ስታርች የለውማ። ብቅል ፋብሪካዎች በተለምዶ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ የሆነ፣ ፍሬው ሙሉና እኩል የሆነ ገብስ ነው የሚፈልጉት። ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ ፕሮቲኑ ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ፍሬውም ያንሳል፤ በአንድ ጊዜ በሁለት በኩል እንወድቃለን። በዚህ ላይ ዩሪያን አዘግይቶና አብዝቶ መጨመር ነገሩን ያብሰዋል። ለዳቦ ስንዴ የሚመከረው ለቢራ ገብስ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ስትወስዱ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ ንገሩን። በስንዴም ቢሆን ቅጠሉን ብቻ ያለልክ የሚያስፋፋ ማዳበሪያ በጊዜ ውሃውን ያስጨርሰውና ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ተክሉ ደረቅ አፈር ላይ ይቀራል። የለመለመ ማሳ ሁሉ የሞላ ጎተራ አይደለም።

ወደ ጤፍ ስንመጣ፣ ጤፍ ከስንዴም ከገብስም የተለየ ፍጥረት ነው። ዶ/ር ገረመው ቡልቶሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የአምስት ጤፍ ዝርያዎችን ስታርች መርምረው ቅንጣቱ ከ2 እስከ 6 ማይክሮ ሜትር ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። የስንዴ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። የጤፍ ፍሬ ራሱ ሺው ተቆጥሮ ግማሽ ግራም እንኳን አይሞላም። እንዲህ ደቃቅ ስለሆነ የተጎዳውን ፍሬ ከደህናው በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ ልጣጩን ለይቶ ማውጣትም ስለማይቻል እንዳለ ነው የሚፈጨው። ያልሞላ ጤፍ ከሆነ ያ ሁሉ ልጣጭ ከጥቂት ስታርች ጋር ሊጡ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ምጣድ ላይ ለሚሆነው ነገር ከእኔ ይልቅ እናቶች ይመስክሩ። የቢቸናና የአካባቢው ነጭ ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ በስሙ የሚጠራ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ምጣዱ ነው፤ ሊያጠፋበት የሚችለውም ምጣዱ ነው።

ጤፍ ከድርቁም ሌላ የሚጋሽብ ሰብል ነው። የተጋሸበ ጤፍ አገዳው ስለሚታጠፍ ስኳሩ በደንብ አያልፍም፤ ቅጠሉም እርስ በርሱ ይሸፋፈናል። የተጋሸበውን ከቆመው ጋር አብሮ አጭዶ መውቃት የተለመደ ነው፤ ቢቻል ይለይ።

በቆሎ ላይ ብዙ አልቆይም። በቆሎን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ በአበባው ሰሞን፣ ፂሙ በሚወጣበት ጊዜ የሚመጣ ጥማት ነው፤ ያኔ የሚቀንሰው የፍሬው ቁጥር ስለሆነ ጉዳቱ ቆሮቆንዳው ላይ በግልጽ ይታያል፣ የሚደበቅ ነገር የለውም።

የተጎዳ እህል መርዝ አይደለም። ይበላል፣ ይቆላል፣ ለከብትም ይሆናል። ከተበላሸ የሚያሰጋው በነቀዝና በሻጋታ ነው እንጂ በመኮሰሱ አይደለም።

ውሃ በዝቶ ውሃ ማጣት

አሁን ወደሚከነክነኝ ጉዳይ ልምጣ። ክረምቱ ቶሎ መውጣቱን እኛ አንከለክለውም። ግን በየዓመቱ አብሮን የሚኖር፣ በእጃችን የሠራነው ድርቅ አለ፤ እሱም ዘግይቶ መዝራት ነው።

ለምን እንዘገያለን? በዋልካው ላይ ውሃ ስለሚተኛ። በአገራችን እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ነው። ሐምሌ ላይ ውሃ ስለሚቋጥር ስንዴውን ብንዘራው ቢጫ ሆኖ ይቀራል ብለን ውሃው እስኪጠነፍፍ እንጠብቃለን። ጥበቃው አባቶቻችን በልምድ ያገኙት ስለሆነ አልነቅፈውም። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ በነሐሴ የተዘራው ፍሬውን የሚሞላው ዝናብ በሌለበት በጥቅምት ይሆናል። ውሃ በዛብን ብለን ዘግይተን ዘርተን ውሃ ባለቀበት ሰዓት ፍሬ እንሞላለን። አንድ ሰው በበጋ ጠበል ሄዶ በክረምት ውሃ ጠማኝ ቢል እንስቅበታለን፤ እኛ ግን በየዓመቱ የምንሠራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መፍትሔው ውሃውን አስወጥቶ ቶሎ መዝራት ነው። ሰፋፊ መደብ የሚያወጣው መሣሪያ፣ በተለምዶ ቢቢኤም የምንለው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት ያወጣው ነው። ሁለት የአገራችን ማረሻዎች ጎን ለጎን ተያይዘው፣ ክንፍ ተደርጎላቸው የሚሠራ ስለሆነ ባዕድ ነገር አይደለም። 80 ሴንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ እያወጣ ይሄዳል። ሐሳቡም የኛው ነው፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው አፈር እየዛቁ እንዲህ ያለ መደብ ሲያወጡ ኖረዋል። ውሃው በቦዩ ስለሚሄድ ስንዴውን ሳይዘገዩ መዝራት ይቻላል። በእኛ አካባቢ የተለመደው ፈሰስም ውሃ ያስወጣል፤ ግን ቁልቁል ከወጣ አፈሩን ይዞ ይሄድና የጎረቤትን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። ስለ ፈሰስ ጠብ ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡ አባቶች እዚህ ስላሉ አላብራራም። መውጫውን ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ማውጣት ይሻላል።

ቀይ አፈሩ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው አሲዳማ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን ያሳጥረዋል። ሥሩ ያጠረ ተክል ከታች እርጥበት እያለ ከላይ ይጠማል፤ ዝናቡ በተቋረጠ በጥቂት ቀን መጠውለግ ይጀምራል። ኖራ ስናስጨምር ማዳበሪያው እንዲሠራ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ውሃ እንዲያገኝም ነው። ኖራ ክብደቱ ብዙ፣ ማጓጓዣው ውድ መሆኑን አውቃለሁ። የአንድ ዓመት ወጪ ብቻ አድርገን ካየነው አያዋጣም፤ ለበርካታ ዓመት እንደሚያገለግል ሲታሰብ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ዝርያም ሊረዳ ይችላል። በ1998 ዓ.ም የወጣው ቁንጮ ምርቱ ጥሩ ስለሆነ በሁሉም ዘንድ ተወዷል። ነገር ግን አፈሩ ስስ በሆነበት ተዳፋት ላይ፣ ወይም ዘግይቶ በሚዘራ ማሳ ላይ በ2004 ዓ.ም እንደወጣው ቦሰት ያለ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ክረምቱን ይቀድማል። ሁለቱም የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ውጤቶች ናቸው። ብዙ ምርት ከሚሰጠውና ካልሞላው ይልቅ በልኩ የሚሰጠውና የሞላው ይሻላል፤ ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የማይስማማ ሊኖር ይችላል።

በመጋዘናችን በር ላይ

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በዩኒየን በዓል ላይ የሆነበት ምክንያት አለኝ። አንድ ገበሬ ለብቻው ሲሸጥ ጉዳቱም ጥቅሙም የራሱ ነው። በማህበር ስንሸጥ ግን እህላችን በአንድ መጋዘን ይቀላቀላል። በሰኔ መጨረሻ የዘራው ሙሉ ፍሬና በነሐሴ አጋማሽ የዘራው የተጨማደደ ፍሬ በአንድ ክምር ይገባሉ። ገዢው ናሙና የሚያወጣው ከመሃል ነው። ሃያው ኩንታል የኮሰሰ ከሆነ ሰማንያው አብሮ ዋጋው ይወርዳል። በጊዜ የዘራው፣ ኖራ ያስጨመረው፣ ያረመው አባል «ለማን ብዬ ነው የለፋሁት?» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ምርጡን ለነጋዴ ሸጦ ቀሪውን ለማህበሩ ያመጣል። ያኔ ማህበራችን የኮሰሰ እህል መሰብሰቢያ ይሆናል። ይህ አሁንም በትንሹ መጀመሩን መጋዘን ጠባቂዎቻችን ይነግሯችኋል።

ስለዚህ በመቀበያው ላይ እንለይ የሚል ሐሳብ አለኝ። ጣሳው ይቀመጥ፣ ሚዛኑ ይቀመጥ፣ የሞላው ለብቻ፣ ያልሞላው ለብቻ ይደርደር፤ ዋጋውም ይለያይ። ለብቻው የተቀመጠ ያልሞላ እህል ደግሞ ሌላ ገዢ አለው፤ የከብት መኖ አቀነባባሪ ፕሮቲኑን አይጠላውም።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዘግይቶ የሚዘራው ማነው? ሰነፉ ብቻ ነው? እኔ በየመንደሩ ስዞር የማየው ሌላ ነው። ዘግይቶ የሚዘራው በሬ የሌለው ነው። አንድ በሬ ኖሮት ወንፈል ተራ የሚጠብቅ ነው። ባሏ የሞተባትና መሬቷን የእኩል የሰጠች እናት ናት፤ አራሹ መጀመሪያ የራሱን ማሳ ይጨርስና በመጨረሻ ወደ እሷ ይመጣል። በመቀበያው በር ላይ ጣሳ አስቀምጠን ዋጋ ብንቀንስ በመጀመሪያ የምንቀንሰው ከነዚህ ሰዎች ኪስ ነው። ያን አድርገን ጥራት አስጠበቅን ብንል ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ከጣሳው በፊት ሌላ ሥራ አለ። የዩኒየናችን የእርሻ መሣሪያ፣ ትራክተር ቢሆን ቢቢኤም፣ አገልግሎቱ የሚሰጠው ቀድሞ ለተመዘገበ ነው። ቀድሞ የሚመዘገበው ደግሞ ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው፣ በቅሎ ያለው፣ ስልክ ያለው ነው። በሬ ያለው ሰው ያለትራክተርም በጊዜ ይዘራል። ተራው መጀመሪያ በሬ ለሌላቸውና በዋልካ ላይ ለሚያርሱ አባላት ቢሆን፣ ወጪውም ከምርት በኋላ ከሚከፈላቸው ላይ የሚታሰብ ቢሆን፣ ጥቅሙ የእነሱ ብቻ አይደለም። በመጋዘኑ ውስጥ ከሁላችንም እህል ጋር የሚቀላቀለው የእነሱ እህል ነውና። የሁለተኛውን ዓመት ምርት አይተን ጣሳውን ብናስቀምጥ ማንንም የበደልን አይመስለኝም። ቦርዱ ይህን እንዲወያይበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎቻችንም አንድ ነገር ላንሳ። እኛ የልማት ሠራተኞች የምንሞላው የሪፖርት ቅጽ በመስመር የተዘራ ሄክታር፣ የተሰራጨ ማዳበሪያ፣ የተገኘ ኩንታል ይጠይቃል። የተዘራበት ቀን ተጠይቆ አያውቅም፤ የሊትሩ ክብደትም አይጠየቅም። በሐምሌ አጋማሽ የተዘራና በነሐሴ መጨረሻ የተዘራ ስንዴ በእኛ ቅጽ ላይ እኩል «ተዘርቷል» ነው። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይሠራም፤ ሰው ነንና። ሁለት ዓምድ መጨመር ብዙ ቀለም አይፈጅም።

ስለ ዘርም ሳልናገር አልወርድም። የተጨማደደው ፍሬ «ለዘር ይሆናል» ተብሎ ሲቀር አያለሁ፤ ምክንያቱም ለገበያ አፍሮ ነው። ችግኙ ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚበላው በፍሬው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ስንቁ ያነሰ ችግኝ ደካማ ሆኖ ይወጣል፤ በጥልቅ ከተሸፈነ ጨርሶ ላይወጣም ይችላል። ለዘር የሚሆነው ከአውድማው የሞላው ነው፤ የቀረው ይበላ። ከመዘራቱ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡና የበቀለውን ቁጠሩ። ከ85 በታች ከሆነ ወይ ዘሩን ለውጡ፣ ወይ ወደ እኛ አምጡት።

የዘንድሮው አጨዳ ከኅዳር ጀምሮ ነው። በዋልካ ላይ የሚያርሱና በሬ የሌላቸው አባላት ስም ዝርዝር ከየመሠረታዊ ማህበሩ እስከ ሚያዝያ ድረስ ቢደርስ በሰኔው የመሣሪያ ተራ ላይ ማስገባት ይቻላል። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት የየቀበሌው የልማት ሠራተኞች እናግዛለን፤ እኔም በቁይ ዙሪያ ላሉት ዝግጁ ነኝ።